በር ላይ የሚጀመር ዋልዝ

በዘጠኝ ዓመቴ አያቴን ከሲኦል ለማስጣል ማይክ ጨብጬ ምእመናን ፊት ቆሜያለሁ። አሁን ታሪኩን ለሰው ስነግር እኔው ቀድሜ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። አባባን ከማንም አብልጬ እወደው ነበር፤ እኔ መንግሥተ ሰማያት ገብቼ እሱ ውጭ ሲቀር እየታየኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሳን ሆዜ፣ አያቶቼ ቤት ነው። እኔና እማዬ የምንኖረው ኦክላንድ ነበር። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚልፒታስ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ኦቨርታይም ስለምትገባ በጠዋት በ880 አውራ ጎዳና ይዛኝ ትወርድና አያቶቼ በር ላይ አራግፋኝ ትፈተለካለች። አባባ፣ ማለትም አቶ ገብረክርስቶስ፣ ጡረታ የወጣ የውሃ መሐንዲስ ነው። በንጉሡ ዘመን ኦስትሪያ፣ ግራዝ የምትባል ከተማ ተልኮ የተማረ፣ ቤቱ ውስጥ እንኳን ክራቫት የማያወልቅ፣ ኦክላንድ ያለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ።

እማማ ውብዳር ደግሞ ቅድስት ነበረች። ይህን የምለው በዓይኔ ባየሁት ማስረጃ ነው። ከሳሎን ወደ ኩሽና ስትሄድ በሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ዓይኗ መሬት ላይ ይተከላል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እግሯ ግን ንቅንቅ አይልም። አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ ትቆማለች፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይም እንዲሁ ነው። እኔ ከኋላዋ እጄን አቆላልፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አብሬያት እቆማለሁ። የሌላው ልጅ አያት ምግብ ሲቀርብ ነው የምትጸልየው፣ የእኔ ግን በየበሩ ትጸልያለች እያልኩ ሰንደይ ስኩል ውስጥ ጉራዬን ስነዛ ከረምኩ።

ፓርኪንሰን የሚባለውን ቃል የሰማሁት በኋላ ነው። እማማን የያዛት ዓይነት እግርን አያሰንፍም፤ አንጎል «ሂድ» ሲለው እግር አይሰማም እንጂ። በተለይ በር፣ ደፍ፣ የምንጣፍ ጠርዝ ሲያጋጥመው መሬት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እማማ ይህን ከባሏና ከሐኪሟ በቀር ማንም እንዳያውቅ አስምላ ነበር። እንኳን ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ለገዛ ልጇ ለእማዬም አልተነገረም። እሁድ እሁድ ከሁሉ ቀድማ አዳራሽ ገብታ ትቀመጣለች፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ሲያልቅ ትወጣለች። እኔ ይህንንም ለቅድስናዋ ቆጥሬላታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባባ መጋረጃውን ዘጋ።

«ሃሴትዬ፣ አንቺ መኝታ ቤት ገብተሽ ካርቱን እዪ፤ እኛ ትንሽ ሥራ አለን» አለኝ።

ካርቱን እዪ ተብዬ ስታዘዝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ስለነበር ወዲያው ጠረጠርኩ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ መኖሩም ያጠራጥር ነበር። ቫዮሊኖች ከታች፣ ቀስ ብለው፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ይርዳሉ። በላያቸው አንድ ጥሩምባ ከሩቅ ይጣራል፤ ይጣራና መልስ እንደሚጠብቅ ዝም ይላል። ደግሞ ይጣራል። የሚመጣ ነገር እንዳለ ያስታውቃል፣ ግን አልመጣም። ይህማ አምልኮ ነው ብዬ እዚያው ተንበረከኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ኪቦርዱ እንደዚያ ለስለስ ብሎ ሲጀምር ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል።

ከዚያ ሙዚቃው አመነታ። አንድ እግሩን አንስቶ መለሰው፣ ደግሞ አነሳው፣ ከዚያ ሄደ። ከታች ከበድ ያለ አንድ ምት፣ ከላይ ቀለል ያሉ ሁለት ምቶች፤ ዜማው በእነሱ ላይ ተቀምጦ ይሽከረከራል። ጸሎቱ የት እንደገባ አላውቅም። ተንበርክኬ ሳለሁ ትከሻዬ መወዛወዝ ሲጀምር ደንግጬ በእጄ ያዝኩት።

በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። አባባ ጫማውን አውልቆ በካልሲ፣ ክራቫቱን እንዳሰረ፣ እማማን ፊት ለፊት ይዟታል። እሱ ወደ ኋላ፣ እሷ ወደ ፊት እየተራመዱ የኩሽናውን በር ዘልቀው ገቡ፤ ዞረው ደግሞ ወጡ። እማማ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ያን ያህል ጥርስ እንዳላት አላውቅም ነበር። ሁለቱም አላዩኝም። እኔ ግን ማየት የሌለብኝን አይቻለሁ፤ ሽማግሌው አያቴ መጋረጃ ዘግቶ ይደንሳል፣ ቅድስቲቱ አያቴም በር ላይ መጸለዩን እርግፍ አድርጋ ትታለች።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የጌታ፣ ዘፈን የዓለም ነው፤ ዳንስ ደግሞ ከዘፈንም ይብሳል። አባባና እማማ ጌታን በተቀበሉ ጊዜ የነበሯቸውን የዘፈን ሸክላዎች በሙሉ ለጎረቤት አድለው እንደተገላገሉ ሲመሰክሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በስተርጅና፣ በሲዲ ተመልሰው ሊወድቁ ነው?

በማግሥቱ የሰንደይ ስኩል አስተማሪያችንን ኤፊን ያዝኳት። ኤፊ ያኔ የሃያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ ለእኛ ግን ከሙሴ ቀጥላ ነው የምትቀመጠው።

«ኤፊ፣ ቃል የሌለውስ? ላይክ፣ ጀስት ቫዮሊን ብቻ ከሆነ? መዝሙር ነው ዘፈን?»

ጥያቄው ያልተዘጋጀችበት እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲህ… እግርሽ በራሱ ከተነሳ ዘፈን ነው» አለችኝ።

ተፈረደ ማለት ነው። የእኔ እንኳን እግር ብቻ አይደለም፣ ትከሻዬም ተነስቷል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባባን ለመጨረሻ ጊዜ ዕድል ልሰጠው ወሰንኩ። ጓሮ ተቀምጦ የሎሚውን ዛፍ ሲያይ አገኘሁት።

«አባባ፣ ያ ሙዚቃ ምንድነው?»

ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። «ሰማሽው እንዴ?»

«አየሁም።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ፊቱ በራ። የሚያወራለት ሰው ያጣ ነገር በሆዱ ይዞ እንደከረመ ያስታውቅ ነበር። «ዋልዝ ይባላል» አለ። «ቪየና ነው የተጻፈው፣ ከመቶ ሰላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሚ።» ጉልበቴን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «አንድ ላይ ይረገጣል። ሁለት ቸኩሎ ይመጣል፣ ሳይጠራ። ሦስት ደግሞ ኩሩ ነው፣ ቆየት ብሎ ነው የሚደርሰው። እኩል እኩል ከመታሽው የወታደር ሰልፍ ይሆናል። ግራዝ ሳለሁ ከሂሳብ የበለጠ ያስቸገረኝ ይሄ ነው። ኋላ አገሬ ስመለስ ለእማማሽ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተማሪዎች ዳንስ ላይ። እግሬን ስንት ጊዜ ረገጠችኝ መሰለሽ።»

«ኢት ቼንጅስ» አልኩ። ሙዚቃው መልኩን ይለዋውጣል ማለቴ ነው።

«ጎበዝ፣ ደርሰሽበታል። አንድ ዋልዝ አይደለም፤ አምስት ናቸው፣ ተያይዘው። አንዱ ዓይን አፋር፣ አንዱ ቀልደኛ፣ አንዱ ጉረኛ፣ አንዱ ችኩል፣ አንዱ የሆነ ነገር ትዝ ያለው። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ያው እሱ አይደለም፣ ሁሉን አይቶ ነው የሚመለሰው።»

ባለፈው ዓመት ያንኑ ዋልዝ አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ሳን ፍራንሲስኮ ሲጫወተው ሄጄ ሰማሁ። ጥሩምባው ሲጣራ አጠገቤ ያሉት ሁሉ መድረኩን ያያሉ፣ እኔ የአዳራሹን በር አያለሁ። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ዜማ ሲመለስ ደግሞ ዓይኔን እንባ ሞላው፤ አባባ ልክ ነበር። ያን ጊዜ ጓሮ ውስጥ ግን የቸነከረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ሲን ነው?»

አባባ ወደ ኩሽናው መስኮት አየ። እማማ እዚያ ሰሃን ታደራርቃለች። «የእማማሽ ነገር ነው፣ ሃሴትዬ። ለማንም አትናገሪ፣ ለእናትሽም ቢሆን። ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ» አልኩት። ኃጢአት ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው ግን አይደለም አላለኝም። ከዚያ በላይ ምን መልስ እፈልጋለሁ?

የልጆች ቀን ደረሰ። ጉባኤያችን የሚሰበሰበው ኦክላንድ ውስጥ፣ ከአሜሪካኖቹ በተከራየነው አዳራሽ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ልጅ መድረክ ወጥቶ በአማርኛ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል፣ ጉባኤው «አሜን» ይላል፣ ወላጅ ፎቶ ያነሳል። ኤፊ የየአንዳንዳችንን በካርድ ጽፋ አስጠንታናለች። የእኔ «ለማት ፈተናዬ ጸልዩልኝ» ይላል፤ ለሂሳብ ማለት ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኛ ዘንድ ብቅል ስለማይቀመስ ማይክ ተተካ።

«ስሜ ሃሴት ነው» አልኩ። «የጸሎት ርዕሴ፣ አባባዬ ዳንስ ስቶፕ እንዲያደርግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእማማ ጋር ዳንስ ያደርጋሉ። ከርተን ዘግተው። እኔ ሄቨን ብቻዬን መሄድ አልፈልግም።»

መጀመሪያ አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየከሰመ ሄደ፤ ምክንያቱም ፊት ወንበር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጠው አባባ አልሳቀም።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ማንደፍሮ ማይኩን ቀስ አድርገው ከእጄ ወሰዱ። ከአባባ ጋር ከተማሪነት ጀምሮ የሚተዋወቁ ወዳጁ ናቸው። «መቼም ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ፣ ነገሩን ወደ ሳቅ ሊመልሱት። ዛሬ ሳስበው የማምለጫውን በር ወለል አድርገው ከፍተውለት ነበር።

አባባ ግን ተነሳ። «ልጅቷ አልዋሸችም፣ ማንደፍሮ። ያየችውን ነው የተናገረችው።»

«ምክንያት ይኖርሃላ፣ ገብረክርስቶስ።»

«አለኝ። የምናገረው ግን አይደለም። ሽማግሌነቱን ዛሬ አስረክባለሁ።»

ይህን ብሎ የሽማግሌዎቹን ወንበር ለቀቀና በመተላለፊያው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ሰው ሁሉ ወደ ጫማው ያያል። የመሰለኝ ንስሐ እየገባ ነው፤ ግን ደስ አላለኝም። «ሚስቴ ታማለች» ቢል በሁለት ቃል ይገላገል እንደነበር ያወቅኩት ውዬ አድሬ ነው። የሃያ ዓመት ስሙን መድረክ ላይ ጥሎ የእሷን ምስጢር ይዞ መሄድ መረጠ። ከዚያ በኋላ ሰው ሚስቱን ይወዳል ሲባል በሰማሁ ቁጥር የምለካው በዚያ አካሄድ ነው።

«ቆይ አንተ» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ መሀል መጣ።

እማማ ተነስታለች። ወደ ማይኩ ልትመጣ ሦስት አራት እርምጃ ሄደች፤ የመድረኩ ምንጣፍ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ዓይኗ መሬት ላይ ተተከለ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔም እንደ ልማዴ እጄን አቆላልፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ምን ሆነች?» የሚል ሰማሁ። «ውሃ አምጡላት።» ዓይኔን ስገልጥ እማዬ ከወንበሯ ብድግ ብላለች፣ የእማማ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት አልመስል አለኝ። ፈራሁ።

አባባ ከግማሽ መንገድ ተመለሰ። አልጎተታትም፣ አልደገፋትም። ፊት ለፊቷ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋና አፉን ዘግቶ ማዜም ጀመረ። ያ ከሩቅ የሚጣራው ጥሩምባ ነው። ድምፁ ያረጀ፣ ዳር ዳሩ የተሰነጠቀ ነበር። ተጣራና ጠበቀ። ደግሞ ተጣራ። ሙዚቃው እንደሚያመነታ አመነታ፤ አንድ ላይ ሲደርስ የእማማ ቀኝ እግር ተነስቶ ምንጣፉ ላይ አረፈ። ሁለት ቸኮለ፣ ሦስት ኮራ። እሱ ወደ ኋላ፣ እሷ ወደ ፊት፣ ሄዱ።

መሀል ላይ የአባባ ትንፋሽ አለቀ። ዜማው ሲቋረጥ እማማ ልትቆም እንደሆነ እኔ እንኳን አወቅኩ። በዚያች ቅጽበት ከሽማግሌዎቹ ረድፍ ሌላ ድምፅ ተቀበለው። ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው፤ ሁለተኛውን ዋልዝ፣ ቀልደኛውን፣ አንድ ኖታ ሳያጎድሉ ያዜማሉ። አጠገባቸው ያሉት ጡረተኛ ፕሮፌሰር ተከተሏቸው፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትም። ለካ እነዚያ ሽበታም የንጉሡ ዘመን ተማሪዎች በወጣትነታቸው የደነሱበትን አንዱንም አልረሱም። ሁሉም መሬት መሬት እያዩ፣ ድምፁ ከሌላ ሰው የሚወጣ ይመስል፣ አፋቸውን ዘግተው ያዜማሉ። የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች አንዱን እያየ አንዱን ያያል፤ ልጫወት አልጫወት የሚለው ግራ ገብቶታል።

ወደ ኤፊ ዞርኩ። እግሯ በራሱ ተነስቷል።

እማማ መድረኩ ጋ ደርሳ ማይኩን ይዛ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ፓርኪንሰን ይሉታል» አለች። «ሁለት ዓመቴ ነው። ደብቅልኝ ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ምስኪን ውብዳር እንዳልባል ፈርቼ ነው። ፓሎ አልቶ ያለችው ሐኪሜ በሙዚቃ ተራመጂ ብትለኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ በመዝሙር ሞክረን ነበር።» ወደ አባባ አየችና ሳቋ አመለጣት። «መዝሙሩ ሲከፈት እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን አነሳለሁ። እጄ ሲነሳ እግሬ ይረሳል። ጭራሽ ቆሜ አለቅሳለሁ። እሱ ደግሞ ሰዓቱን እያየ፣ ‹ውብዳር፣ በዚህ ዓይነት ኩሽና ሳንደርስ ጌታ ይመጣል› አለኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እማዬ እያለቀሰችም እየሳቀችም መጥታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እማ? አንድ ቃል?» ትላለች። እማማም «ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው» ትላታለች፣ ጀርባዋን እያሻሸች።

ጋሽ ማንደፍሮ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ነበር የሚባለው» አሉ። «አንቺ ደግሞ መድኃኒቱንም ደበቅሽብን። ገብረክርስቶስ፣ ና ቦታህ ተቀመጥ፤ ሽማግሌነቱን ማንም አልተረከበህም።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «አንቺስ? የጸሎት ርዕስሽ ይቀየር ይቆይ?» አሉኝ።

«የማት ፈተና» አልኩ። ተጸለየልኝ። ፈተናውን ግን ወደቅኩ።

ያን ዕለት አራታችንም በእማዬ መኪና ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ 880 እንደ ልማዱ ተጨናንቋል። እኔ ከኋላ ወንበር ከእማማ ጎን ነኝ።

«ሶሪ እማማ» አልኳት። «ፕሮሚሱን ብሬክ አደረግኩት።»

«እኔም መደበቁ ታክቶኝ ነበር፣ የእኔ ቆንጆ።»

«በር ላይ ስትቆሚ ፕሬይ የምታደርጊ ነበር የመሰለኝ።»

እማማ እጄን ያዘች። «እሱንስ አልተሳሳትሽም» አለች። «ምን እል እንደነበር ልንገርሽ? ጌታ ሆይ፣ አንዷን እግር ብቻ አንሳልኝ፣ ሌላዋን እኔ አመጣታለሁ እል ነበር።»

«ሶ ያ ዋልዝ፣ መዝሙር ነው ዘፈን?»

«እኔ የለመንኩት እግር ነው፣ ሃሴትዬ። በምን እንደሚልክልኝ አልመረጥኩም።»

ቤት ስንደርስ አባባ በሩን ከፈተና ደፉ ጋ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ከአፉ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ያን ሁሉ ዋልዝ አዳራሽ ውስጥ ጨርሶታል። እጁን አወናጨፈና፣ «ዛሬ ሃሴት ትቁጠር» አለ በሹክሹክታ።

ውስጥ ገብቼ ፊት ለፊቷ ቆምኩና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እማማ ደፉ ላይ ቀጥ ብላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሁን የምትለውን አውቀዋለሁ። ጥሩምባው እንደሚጠብቅ ጠበቅኳት። ከዚያ «አንድ» አልኩ፣ ሁለትን እንደተማርኩት አቻኮልኩት፤ ሦስት ላይ ሳልደርስ እማማ ቤቷ ገብታ ነበር።